አካውንቲንግ የተማረች ልጅ ቴክኖሎጂ ቢዝነስ ማኔጅመንት ውስጥ መግባት ትችላለች?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ የግል ባንክ ፋይናንስ ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አምና የአይቲውን በጀት እንድከታተል ተብሎ ወደ አይቲ ክፍል ተዛወርኩ። ኮድ መጻፍ አልችልም። ስብሰባ ላይ ከሚወራው ግማሹ ያመልጠኛል። ሥራውን ግን ወድጄዋለሁ። ቴክኖሎጂ ቢዝነስ ማኔጅመንት የሚባል ሙያ እንዳለ ሰምቼ እሱን መከተል እፈልጋለሁ። ኤምቢኤ ልማር? ሰርቲፊኬት ልውሰድ? ወይስ መጀመሪያ ፕሮግራሚንግ ይሻላል? እዚህ አገርስ በዚህ ሙያ ሥራ ይገኛል? ውጭ አገርስ?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦

እህቴ፣ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርሽ። ሦስቱንም አሁን አትጀምሪ። ኤምቢኤውም፣ ሰርቲፊኬቱም፣ ፕሮግራሚንጉም ይደርሳሉ። አሁን የተቀመጥሽበት ወንበር ሌላው ለዓመታት የሚመኘው ነው። ሂሳብ ታውቂያለሽ። የአይቲው ወጪ በየቀኑ በእጅሽ ያልፋል። ኢንጂነሮቹ ደግሞ አጠገብሽ ናቸው። እዚያው ሆነሽ የባንኩን አንድ አገልግሎት ውሰጂ። አንድ ብቻ። በዓመት በእርግጥ ስንት እንደሚያስወጣ ከሥር ጀምረሽ አውጪው። ይህን የሠራ ሰው ሙያው ውስጥ ገብቷል። ያልሠራ ሰው ግን ሦስት ሰርቲፊኬት ቢደረድርም ገና ደጅ ነው።

እኔ ይህን ሥራ አዲስ አበባ ጀምሬ አሁን ቨርጂኒያ ነው የምሠራው። በሁለቱም ቦታ ያየሁት ያው ነው።

የአንድ ባንክ የሂሳብ መዝገብ ለሶፍትዌር ይህን ያህል፣ ለደመወዝ ይህን ያህል፣ ለኪራይ ይህን ያህል ወጣ ይልሻል። የባንኩ ፕሬዚዳንት የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። «ሞባይል ባንኪንጋችን በዓመት ስንት ይፈጅብናል? ያወጣነውን ያህል አገኘንበት ወይ?» ይላል። መልሱ መዝገቡ ውስጥ አለ። ችግሩ አሥር ቦታ ተበታትኖ መቀመጡ ነው። ቴክኖሎጂ ቢዝነስ ማኔጅመንት፣ በአጭሩ ቲቢኤም የምንለው ሙያ ያንን ሰብስቦ፣ እያንዳንዱን ወጪ ከሚሰጠው አገልግሎትና ከሚጠቀምበት ክፍል ጋር ማያያዝ ነው።

ሙያው በዚህ ስም የታወቀው አሜሪካ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራልሽ። በ2007 አፕቲዮ የሚባል ኩባንያ በዋሽንግተን ግዛት፣ ቤልቪው ከተማ ተመሠረተና ለዚህ ሥራ የሚሆን ሶፍትዌር ይሸጥ ጀመር። በ2012 ቲቢኤም ካውንስል የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ማኅበር ሁሉም ድርጅት የአይቲ ወጪውን በአንድ ዓይነት መደብ እንዲያስቀምጥ የሚያስችል የጋራ መዋቅር አለው። በ2018 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ የአይቲ ወጪያቸውን በዚሁ መዋቅር እንዲያሳዩ ግብ አስቀመጠ። በ2023 ደግሞ አይቢኤም አፕቲዮን በ4.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ይህን የምነግርሽ ሙያው የአንድ ሰሞን ወሬ አለመሆኑን እንድታውቂ ነው።

መዋቅሩ አራት ደረጃ አለው። ከታች የወጪው ዓይነት ነው፦ ደመወዝ፣ ሃርድዌር፣ ሶፍትዌር፣ የውጭ ባለሙያ፣ ሕንፃና መብራት፣ ቴሌኮም። ይህን በደንብ ታውቂዋለሽ፤ የሂሳብ መደብ ነው። ሁለተኛው ወጪው የተሠራበት ቴክኖሎጂ ነው፦ ሰርቨር፣ ስቶሬጅ፣ ኔትወርክ፣ ዳታ ሴንተር፣ ሴኩሪቲ። ሦስተኛው ከዚያ የሚወጣው አገልግሎት ነው፦ ሞባይል ባንኪንግ፣ ኤቲኤም፣ የብድር ሲስተም፣ ኢሜይል። አራተኛው ተጠቃሚው ነው፦ የትኛው የሥራ ክፍል፣ የትኛው ዲስትሪክት፣ የትኛው ደንበኛ። ገንዘቡን ከታች ወደ ላይ እየተከተልሽ ትሄጃለሽ።

ከባዱ ነገር ማከፋፈሉ ነው። አዲስ አበባ በጋራ ቆጣሪ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቆጣሪው አንድ፣ ቢሉ አንድ፣ ተከራዩ አምስት። እኩል እንክፈል ከተባለ አንድ አምፖል ብቻ ያላት ትጮኻለች። በአምፖል ቁጥር ከተባለ ምጣድ የሚጥደው ይጠቀማል። ቢሉ ትክክል ሆኖ ጎረቤት ይኳረፋል። የባንክ ዳታ ሴንተርም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰርቨር ላይ አምስት ሲስተም ይሠራል። በምን ታካፍዪዋለሽ? በተጠቃሚ ቁጥር? በግብይት ብዛት? በሚይዘው ስቶሬጅ? መስፈርቱን ሰው ካልተቀበለው ሪፖርትሽ የቱንም ያህል ቢያምር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ተግባሩ። ሞባይል ባንኪንግን ውሰጂ። ለምን እሱን? ሁሉም ሰው ስለሚያውቀውና ሥራ አመራሩ ስለሚጨነቅበት። ባዶ ኤክሴል ክፈቺና በጥያቄ ሙዪው። የአፑ ላይሰንስና ዓመታዊ የጥገና ክፍያ ስንት ነው? ኮር ባንኪንጉ (የባንኩ ዋና የሂሳብ ሲስተም) ላይ ከሚያልፈው ግብይት ስንት እጁ ከሞባይል የሚመጣ ነው? የትኞቹ ሰርቨሮች ላይ ነው ያለው? የዳታ ሴንተሩ መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣስ? ከቴሌኮሙ የተከራያችሁት መስመርስ? ደንበኛው ብር ባዘዋወረ ቁጥር የሚላከው ኤስኤምኤስስ ማን በጀት ላይ ነው የሚያርፈው? ወደ ሌላ ባንክ ሲተላለፍ በኢትስዊች በኩል የሚከፈለውስ? ጥሪ ማዕከሉ ከሚቀበለው ጥሪ ስንቱ «ፒኔን ረሳሁ» ነው? ከዚያ ሰዎቹ አሉ። አፑ ላይ የሚሠሩት ልጆች ከሳምንታቸው ስንት ቀን በእሱ ላይ ያጠፋሉ? ይህን ከመዝገብ አታገኚውም። ቡና እየጠጣሽ ነው የምትጠይቂው።

አንድ ላይ ሲደመር 60 ሚሊዮን ብር መጣ እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል እኔ የፈጠርኩት ነው። በዓመቱ 20 ሚሊዮን ግብይት ከነበረ አንዱ ግብይት 3 ብር ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት ወጪው 80 ሚሊዮን፣ ግብይቱ 40 ሚሊዮን ሆነ። የበጀት ኮሚቴው የሚያየው «አይቲ 20 ሚሊዮን ብር ጨመረ» የሚለውን ነው። አንቺ የምታሳዪው አንዱ ግብይት ከ3 ብር ወደ 2 ብር መውረዱን ነው። ያው ደንበኛ መስኮት ላይ ቆሞ በቴለር ቢስተናገድ ስንት ብር እንደሚፈጅ ከጎኑ ካስቀመጥሽ ደግሞ የስብሰባው ወሬ ይቀየራል። «እንዴት እንቀንስ?» የነበረው «ስንት ደንበኛ ወደ ሞባይል እናምጣ?» ይሆናል። እኔ ይህን ሙያ የምወድበት ምክንያት ይኸው ነው። ጥሩ የሠራ ክፍል በጀት አባካኝ ተብሎ ሲወቀስ ማየት ያናድዳል። ትክክለኛው ቁጥር ግን ያድነዋል።

አገራችን ውስጥ ደግሞ የዶላሩ ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንት ከመቶ አለፈ። ትልልቆቹ የባንክ ሶፍትዌሮች የሚከፈሉት በዶላር ነው። 200,000 ዶላር የሚከፈልበት ላይሰንስ በ57 ብር ሂሳብ 11.4 ሚሊዮን ብር ነበር። በ130 ብር ሂሳብ 26 ሚሊዮን ይሆናል። አንድም ተጠቃሚ አልተጨመረም፤ አንድም አዲስ ነገር አልተገዛም። ስለዚህ ሞዴልሽ ውስጥ ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን የሚከፈልበትን ገንዘብ ጻፊ። ብር ነው ዶላር? ውሉ የሚታደሰው መቼ ነው? ምንዛሪው በአንድ ብር ቢጨምር በጀቱ በስንት ይጨምራል? ይህን በአንድ ገጽ አዘጋጅታ የምትመጣ ልጅ የፋይናንሱም የአይቲውም አለቃ ይፈልጋታል።

አካውንታንት መሆንሽ እንቅፋት የሚሆን መስሎሻል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ባንኮቻችን ሂሳባቸውን የሚያዘጋጁት በዓለም አቀፉ የሂሳብ አሠራር ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ ነው። ተገዝቶ የባንኩ የሆነ ሶፍትዌር ከደረጃዎቹ አንዱ በሆነው በአይኤኤስ 38 መሠረት እንደ ንብረት ተይዞ በዓመታት ይከፋፈላል። በክላውድ (በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ፣ በኢንተርኔት) ኪራይ የሚገባ አገልግሎት ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ዓመት ወጪ ነው። በ2021 የአይኤፍአርኤስ ተርጓሚ ኮሚቴ እንዲህ ዓይነቱን የኪራይ ሶፍትዌር ለድርጅቱ እንዲመች ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብም በአብዛኛው ወጪ እንጂ ንብረት እንደማይሆን አብራርቷል። ይህ ምን ማለት ነው? ኢንጂነሮቹ «ወደ ክላውድ ብንሄድ ይረክስልናል» ሲሉ እውነት ሊሆን ይችላል። የዚያን ዓመት ትርፍ ግን ሊጎዳው ይችላል፤ ከካፒታል በጀት ወደ ሥራ ማስኬጃ በጀት ይዞራልና። ኢንጂነሩ ይህን አያየውም። አንቺ ስብሰባው ላይ ካላነሳሽው ሰኔ ላይ ሁሉም ይደነግጣል።

ያየሁትን አንድ ሥራ ላጫውትሽ። በአንድ ድርጅት የአንድ ሲስተም ላይሰንስ በተጠቃሚ ቁጥር ነበር የሚከፈለው። ሁለት ዝርዝር አስመጣን፤ የሲስተሙን ተጠቃሚዎችና የሰው ሀብት ክፍሉን ሠራተኞች። በስም ለማገናኘት ሲሞከር አልሆነም። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ በአንድ ኢ፣ ሌላው ጋ በሁለት፤ አንዱ ጋ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ጋ የለም። በሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር ሲገናኝ ነው የተሳካው። ሥራ የለቀቁና ሲስተሙን የማይነካ ክፍል የተዛወሩ ሰዎች አካውንት አሁንም ክፍት ነበር። በየዓመቱ ይከፈልባቸዋል። ሴኩሪቲ ክፍሉም ዝርዝሩን ሲያይ ደነገጠ፤ የለቀቀ ሰው አካውንት ክፍት መሆን ከገንዘቡ በላይ ያሳስባልና። ውሉ ሲታደስ ቁጥሩ ተቀነሰ። ሥራው የፈለገው ኤክሴል፣ ቪሉካፕ (ሁለት ዝርዝር የሚያገናኘው የኤክሴል ቀመር) እና ትዕግሥት ብቻ ነበር። ኮድ አልፈለገም።

ይህ ሲባል ቴክኖሎጂውን አትወቂ ማለቴ አይደለም። «ግማሹ ያመልጠኛል» ያልሽው መስተካከል አለበት። የሚያስፈልግሽ ፕሮግራመር መሆን ሳይሆን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው። አንዱን ኢንጂነር ለምኚውና ደንበኛ ስልኩ ላይ «ላክ» ካለበት ሰከንድ ጀምሮ ብሩ እስኪደርስ ድረስ ጥያቄው በየት በየት እንደሚያልፍ ወረቀት ላይ ይሳልልሽ። ባለሙያ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ያንን ወረቀት ይዘሽ ዳታ ሴንተሩን አንድ ቀን ጎብኚ። ስብሰባ ላይ የማይገባሽን ቃል ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ጽፈሽ ማታ ፈልጊው። በጥቂት ወራት ውስጥ ለውጡን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ከመሣሪያ ደግሞ ኤክሴልን በደንብ፣ ቀጥሎ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ መጠየቂያ ቋንቋ)፣ ቀጥሎ ፓወር ቢአይ (መረጃን በሥዕላዊ ሪፖርት ማሳያ)። በዚህ ቅደም ተከተል። ኤስኪውኤል ስትችዪ «ሪፖርት አውጡልኝ» እያልሽ መለመን ታቆሚያለሽ። በ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ የሚሰጠው የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስም ለመነሻ ይጠቅምሻል።

አሁን ስለ ሰዎቹ። ይህ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ያሰናከለ ነገር ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ከፋይናንስ መጥተሽ «ይህ ስንት ነው? ያ ለምንድን ነው?» ማለት ስትጀምሪ፣ ኦዲተር መጣችብን ይላሉ። በጀታችንን ልትቆርጥ ነው ብለው መረጃ ይደብቁሻል። ፍርሃታቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ብዙ ቦታ እንደዚያ ተደርጎባቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ የአይቲ ኃላፊውን የሚጠቅም ይሁን። እሱ ለዓመታት ሲጠይቅ ተከልክሎ የቆየው ነገር አለ፤ መጠባበቂያ ሳይቱን ማጠናከር፣ ያረጀ ሰርቨር መቀየር፣ ሰው መቅጠር። ቁጥርሽ ያንን እንዲያስረዳለት አድርጊ። ረቂቁን ደግሞ ከማንም በፊት ለእሱ አሳዪው። የተሳሳተ ቁጥር ካለ እዚያው ይነግርሻል። ሥራ አመራር ፊት የአይቲ ኃላፊውን ያስደነገጠ ሪፖርት ያቀረበ ሰው ከዚያ በኋላ አንድም መረጃ አያገኝም። ማከፋፈያ መስፈርቱንም ብቻሽን አትወስኚ። ዲጂታል ባንኪንጉን፣ ኦፕሬሽኑን፣ ፋይናንሱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ተስማሙበት፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝ።

ትምህርቱን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። መጀመሪያ አይቲል ፋውንዴሽን የሚባለውን የአይቲ አገልግሎት አመራር ሰርቲፊኬት ውሰጂ። የአይቲ ሰዎች ስለ አገልግሎት ሲያወሩ የሚጠቀሙበት ቋንቋ እዚያ ነው ያለው። ቀጥሎ ከቲቢኤም ካውንስል የመሠረታዊ ደረጃውን፤ ወይም ባንካችሁ ክላውድ መጠቀም ከጀመረ ከፊንኦፕስ ፋውንዴሽን የሚሰጠውን። ፊንኦፕስ በዋናነት የክላውድ ወጪን የሚመለከት የቲቢኤም የቅርብ ዘመድ ሲሆን ፋውንዴሽኑ በ2019 ተመሥርቶ በ2020 ሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ገብቷል። ፈተናዎቹ በዶላር ስለሚከፈሉ ከኪስሽ አታውጪ። ከሥልጠና በጀት ጠይቂ፤ ይዘሽው የምትቀርቢው የሠራሽው ሞዴል ካለ «አይሆንም» ለማለት ይከብዳቸዋል። ኤምቢኤው ሁለትና ሦስት ዓመት ይቆይ። ባንኩ ከከፈለልሽና የማታ ከሆነ ጥሩ ነው። የመመረቂያ ጥናትሽን በዚሁ በአይቲ ወጪ ላይ ሥሪው።

ሥራ ይገኛል ወይ? በዚህ ስም ማስታወቂያ እዚህ አገር ብዙም አታዪም። ሥራው ግን በሌላ ስም አለ። አይቲ ጎቨርናንስ፣ አይቲ ፋይናንስ፣ ቬንደር (አቅራቢ ድርጅት) ማኔጅመንት፣ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ቢሮ፣ ዲጂታል ባንኪንግ ስትራቴጂ የሚሉትን ፈልጊ። የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ «በጀት»፣ «ውል»፣ «የአገልግሎት ደረጃ» የሚሉት ካሉበት ያው የእኛ ሥራ ነው። ፍላጎቱ የሚጨምር ይመስለኛል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ባንኮች በቴክኖሎጂ መወዳደር ግድ ሆኖባቸዋል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ውድድር ሲመጣ የአንዱን ግብይት ወጪ የማያውቅ ባንክ ዋጋ መተመን ይቸግረዋል።

ስለ ውጭው እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ባለሁበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሥራው ብዙ ነው፤ ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች የተነሳ። ነገር ግን የመንግሥት ቅጥር በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፤ ለመንግሥት የሚሠሩ ኮንትራክተሮችም ብዙ ጊዜ እንደዚያው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ሰው በግሉ ዘርፍ፣ በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በሆስፒታል ቢጀምር ይቀለዋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ በርቀት ይህን ሥራ ማግኘት ከባድ ነው። ሥራው ከድርጅቱ ሰዎች ጋር መቀመጥ ይፈልጋል፤ የሚነካውም ሚስጥራዊ መረጃ ነው። ስለዚህ ዕቅድሽን በእሱ ላይ አትመሥርቺ። አዲስ አበባ የሠራሽው ሞዴል ግን የትም ይከተልሻል። ቃለ መጠይቅ ላይ «የአንድ ግብይት ወጪ እንዴት አወጣሽ? በምን አከፋፈልሽ? ማን ተቃወመ?» ሲባል የምትመልሺው ካለሽ የትምህርት ቤቱን ስም ብዙም አይጠይቁሽም።

የጊዜውን ነገር አደራ። የባንኮቻችን የበጀት ዓመት ሐምሌ ግድም ይጀምራል፤ ዝግጅቱ ግን ቀደም ብሎ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይጧጧፋል። ቁጥርሽ ሰኔ ላይ ቢደርስ ማንም አያየውም። እስከ መጋቢት መጨረሻ ረቂቁ በእጅሽ ይሁን። ሠርተሽ ስትጨርሺ የባንኩንና የቬንደሮቹን ስም አጥፊ፣ ቁጥሮቹን ቀይሪ፣ ማከፋፈያ መስፈርቶቹን ብቻ እንዳሉ ትተሽ ላኪልኝ። የትኛው ቦታ ላይ ጥያቄ እንደሚነሳብሽ አይቼ እነግርሻለሁ።